ማገጡን የጠረጠሩት ኦቦ ሞሲሳ

በየሰፈሩ አንድ የሚያፈስ ቧንቧ፣ አንድ ነፋስ ላይ የሚጮህ ውሻና አንድ ተጠራጣሪ ሰው አይጠፋም። ቧንቧው አንድ ቀን ይጠገናል። ውሻውም አርጅቶ ዝም ይላል። ተጠራጣሪው ግን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጆሮው እየጠራ፣ አንገቱ በአጥር ላይ እየረዘመ ይሄዳል። «እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ካለ፣ ወይ ሰፈሩን ገና አላወቀውም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

አምቦ ላይ፣ ቤቶቹ ጀርባቸውን ለሁሉቃ ወንዝ በሰጡበት አፋፍ፣ ይህን ሹመት የያዙት ኦቦ ሞሲሳ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ ዓይኑን የት ያድርገው? ጎረቤቱ ላይ ነዋ!

አምቦ ተወልደው፣ አምቦ አድገው፣ የአምቦን ውሃ አያምኑም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩትና «እሳት ሳይነካው የሚፈላው ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። ከዚያም ሌባ ጣታቸውን ያነሣሉ። «እንዲያው አይደለም።» ይህች «እንዲያው አይደለም» የአፌ ጨው ናት ብለው ራሳቸው ይኮሩባታል። ዝናብ ቢዘገይ እንዲያው አይደለም። ዝናብ ቶሎ ቢመጣም እንዲያው አይደለም። ጠዋት «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሞሲሳ» ብሎ ሰላም ያላቸው ሰው ከሰዓት ቢደግማቸው፣ «ጠዋት ሰላም ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ምን ፈልገህ ነው?» ይሉታል። ሠርግ ቢጠሩ የሚያስቡት ስለ ምግቡ አይደለም፤ ለምን እንደተጠሩ ነው። ቸርች ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እሳቸው አንዱን ከፍተው ይጸልያሉ። «ጌታ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን አያለሁ።»

መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ አገር በተጨነቀባቸው በነዚያ ዓመታት ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ማየት ሲጀምር፣ እሳቸው ብቻ አልተቸገሩም። የቆየ ልምድ ነበራቸው። «አሁን ገባችሁ?» እያሉ በሰፈሩ ይዞሩ ነበር፤ ዘግይተው ለመጡ ተማሪዎች እንደሚያዝን መምህር።

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ቅጠል አይታይም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጥረጊያ ይዘው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ አፈሩን እንደ ሊጥ ያለሰልሱታል። ጠዋት የሰው ዱካ እንዲታይ ነው። የሚያገኙት ዱካ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ነው፤ እሱንም ቢሆን ጫማቸውን አውልቀው ሳያስተያዩ አያምኑም።

ከኚህ ሰው ጋር አጥር የተጋራችው ሲንቄ ናት።

ሲንቄ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትታ ጉሊት የተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲህም ያልተነሣች ሴት ናት። ድንች፣ ጎመን፣ ቃሪያ። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ አንዱ ካቺሲ፣ አንዷ አዲስ አበባ ቀርተዋል። ሲደክማት እንኳ «ደከመኝ» ማለት ይደክማታል። መጠርጠርን እንደ ካፊያ ለምዳዋለች፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታልፈዋለች። ኦቦ ሞሲሳ በአጥሩ ቀዳዳ «ዛሬ በጊዜ ወጣሽ፤ እንዲያው አይደለም» ሲሏት፣ «አይደለም፣ ኦቦ ሞሲሳ» ብላ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ «ቆየሽ» ይሏታል። «ቆየሁ» ትላለች። በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመት በሰላም ኖረዋል፤ ሰላም ከተባለ።

ነገሩን ያመጣው ማገጥ ነው።

የሁለቱ ቤቶች ጓዳ ባንድ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠ ነው። ከጓዳው በስተኋላ መሬቱ ወደ ሁሉቃ ያዘነብላል። ሲንቄ ድሮ ቁልቁለቱን ቆፍራ ጎመን ትተክልበት ነበር። ክረምት ይመጣና ጎርፉ ጎመኑንም አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። እሷ ደግሞ በበጋ የተረፈውን እንደገና ትቆፍራለች። አንድ ዓመት ላይ ወገቧ እምቢ አላት። ዶማውን ከግድግዳ አስደግፋ ቁልቁለቱን «እንደፈለግክ ሁን» ብላ ተወችው። በዚያው ክረምት ማገጥ ወጣበት።

ማገጥን የማያውቅ የለም። ኦሮምኛው ሲዲሳ ይለዋል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፣ አበባው እንደ ትንሽ ኳስ ድብልብል ያለ፣ ንብ የማይለየው የሜዳ ተክል ነው። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው ይሉታል፤ ዘመዶቹ ድስት ሲገቡ እሱ ሜዳ የቀረ። አንዳንዱ ማገጥ ክረምት አልፎ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። የሲንቄው ግን እንደዚያ አይደለም። በጋ ላይ አለቀለት ሲባል ሥሩ አፈር ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። ቁመት አያምረውም። መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በደረሰበት ሁሉ ሥር እየሰደደ፣ አፈሩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ በመጡት ክረምቶች የሲንቄ ቁልቁለት አንድ እፍኝ አፈር ለወንዙ አልሰጠም።

እሷ አልዘራችውም። ማን ዘራው ከተባለ፣ ድካሟ ነው የዘራው።

ማገጥ ግን ድንበር አያውቅም። አንድ ጠዋት ኦቦ ሞሲሳ ጓዳቸው ኋላ ሲዞሩ፣ አጥሩ ካለቀበት ከቁልቁለቱ ላይ፣ ሦስት ቅጠል ወደ እሳቸው በኩል ገብቶ አገኙ።

«አዴ ሲንቄ!»

«አቤት፣ ኦቦ ሞሲሳ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ማገጥ ነው።»

«ማገጥ መሆኑንማ አያለሁ። ማን ላከው ነው የምልሽ።»

«ማን ይልከዋል? በራሱ በቀለ።»

«በራሱ!» ኦቦ ሞሲሳ ለሰማዩ ሳቁ። «ሳይዘሩት የሚበቅል ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሽበቴን ማን ዘራው?»

ይህን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ለሌላ ቀን አስቀመጡት። ጣታቸውን አነሡ። «መጀመሪያ ሣሩ ይመጣል። ከሣሩ ኋላ በጉ ይመጣል። ከበጉ ኋላ ባለበጉ ይመጣና "ይሄ የኔ ግጦሽ ነበር" ይላል። የሰው መሬት እንዲህ ነው የሚሄደው።»

«እኔ በግ የለኝም፣ ኦቦ ሞሲሳ። በግ ያለዎት እርስዎ ነዎት።»

«እሱንም አውቀሽዋል ማለት ነው!»

በማግስቱ ከላይ እስከ ታች ችካል ተክለው፣ በችካሎቹ ላይ ሲባጎ ወጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦቦ ሞሲሳ ጠዋት በሲባጎው ተጀመረ። የሻይ ብርጭቆ በአንድ እጅ፣ ሌላው እጅ ወገብ ላይ፤ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልሙታል። ማገጡ በሥሩ ያልፋል። ሲባጎ የሚያግደው ሰውን ነው፤ እሱንም ሰውየው ከፈለገ።

ከሰው ይልቅ ችኩል የነበረው የኦቦ ሞሲሳ በግ ነው። አንድ ቀን ገና ጤዛው ሳይደርቅ ገመዱን በጥሶ ወደ ሲንቄ በኩል ገባና እርጥቡን ማገጥ እስኪጠግብ ጋጠው። እርጥብ ማገጥ ለባዶ ሆድ ጥሩ እንዳልሆነ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። በጉ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወደቀ።

«መረዝሽው!»

«ነፍቶት ነው፣ ኦቦ ሞሲሳ። ዘይት እናጠጣውና ያንሸራሽሩት።»

ሲንቄ ወጥ የምትሠራበትን ዘይት በጠርሙስ ይዛ ሮጠች። ኦቦ ሞሲሳ ጠርሙሱን ተቀበሏት፤ አሸተቱት፤ ወደ ብርሃን አነሡት፤ መልሰው ሰጧት።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ።»

«ዘይት?»

«ቅመሽ።»

በጉ እያቃሰተ ነው። ሲንቄ አንዴ ፉት አለች፤ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ በኋላ በጉ ጠጣ፣ ተንሸራሸረ፣ ተነፈሰ፣ ዳነ። ምስጋና? ኦቦ ሞሲሳ ለሳምንት ያህል የሲንቄን ፊት ሲያጠኑ ከረሙ፤ ዘይቱ እሷ ላይ ዘግይቶ የሚሠራ እንደሆነ ለማየት።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ያበቃው ልኬታው ሲመጣ ነው።

ያን ዓመት የሰፈሩ ቦታ ሊለካ ነው ተባለ። ኦቦ ሞሲሳ ሻይ ቤት ተቀምጠው አንዱ ለሌላው «አሁን የሚለካው በፎቶ ነው፤ ከሰማይ ነው የሚነሣው» ሲል ሰሙ። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። ነገሩን መንገድ ላይ አሰቡት፤ ቤታቸው ሲደርሱ ጨርሰውታል። ከሰማይ ሲባጎ አይታይም። ከሰማይ የሚታየው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ከሲንቄ ጓዳ ተነሥቶ፣ ሳይቋረጥ፣ እሳቸው ቁልቁለት ላይ ተዘርግቷል። ፎቶውን የሚያይ ሹም ምን ይላል? «ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ይዞታ ነው» ነዋ!

«እንዲያው አይደለም ብዬ ነበር» አሉ ለበጉ።

ሰኔ እየገባ ነበር። ኦቦ ሞሲሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ከሲባጎው ወዲህ ያለውን ማገጥ ከነሥሩ ይገሸልጡት ጀመር። ለዕድሜያቸው የማይገባ ጉልበት አወጡ። ሥሩ ሲመዘዝ አፈሩ አብሮ እየተፈረካከሰ ይወጣል።

ሲንቄ ከጉሊት ስትመለስ አይታ ቆመች።

«ኦቦ ሞሲሳ፣ ማሎ፣ ይተዉት። ሰኔ ነው። አፈሩን ራቁቱን አያስቀሩት። ጓዳዎ እኮ ጫፉ ላይ ነው።»

ዶማውን ተደግፈው አዩዋት። «ምነው ተቆረቆርሽ?»

«ቢናድ የሚናደው የርስዎ ብቻ አይደለም። የኔም ይከተላል።»

«አየሽ! አሁን እውነቱ ወጣ። ለራስሽ ነው።»

ሲንቄ ልትመልስ ፈለገች። ደከማት። ገባች።

ለካዮቹ ሲመጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ መሣሪያቸውን የድንበር ድንጋዮቹ ላይ እየተከሉ ቁጥር አነበቡ። ቁልቁለቱን ዞር ብለውም አላዩት። ኦቦ ሞሲሳ ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸዋል።

«አረንጓዴው የማን ነው ተብሎ ይያዛል?»

«የትኛው አረንጓዴ፣ አባ?»

ኦቦ ሞሲሳ በጣታቸው የሲንቄን ማገጥ አሳዩ። ልጁ አየው። «እሱማ ሣር ነው» ብሎ ሄደ። ይህን ያህል ቀላል መልስ ኦቦ ሞሲሳን በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጡት ዋሉ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው በዋለበት ቀን፣ ድምፁ ተሰማ። ከጭነት መኪና ላይ አንድ ጊዜ ብዙ ጆንያ ድንች የተራገፈ ይመስል ነበር። ሰው ተሯሩጦ ሲደርስ የኦቦ ሞሲሳ ሽንት ቤት የለም። የበጉ ጋጥ የለም፤ በጉ ደግነቱ ደጅ ነበር። የተገሸለጠው ቁልቁለት ጭቃ ሆኖ ሁሉቃ ውስጥ ገብቷል። ከጓዳው ግድግዳ አንድ ክንድ ርቀት ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ወደ ሲንቄ በኩል ሄዶ፣ ማገጡ ጋ ሲደርስ ቆሟል። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢናድ ጓዳው ይሄዳል፤ ከጓዳው ጋር ቤቱ። ከዚያ በኋላ ማገጥ ኖረ አልኖረ የሲንቄም ጓዳ ጎኑ ባዶ ይቀራል።

ዕድሩ ወጣ። ድንጋይ ተሸክመው አምጥተው ከሥር ደረደሩ። ኦቦ ሞሲሳ ጃንጥላ ይዘው በመሐላቸው እየተዘዋወሩ «ይህን ድንጋይ ከየት አመጣችሁት?» ይላሉ። እማማ ወለተማርያም፣ የሰፈሩ አንጋፋ፣ ከበር ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ሰውዬ ሲሞት ሊወስደው የመጣውን መልአክ መታወቂያ ይጠይቀዋል።»

በማግስቱ ልጃቸው ዶርቃስ ከጉደር መጣች። ዶርቃስ የጤና ባለሙያ ናት፤ የአባቷን ደም ግፊት ስትለካ እንኳ መጀመሪያ የራሷን ለክታ ማሳየት ያለባት ልጅ።

«አባ፣ ተነሥ እንሂድ። ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ዘንድ ሁን።»

«ቤቴን ለማን ትቼ?»

«ለወንዙ ከመተውህ በፊት ነው የምልህ!»

«እኔ ስወጣ ማን እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«ማን?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

ዶርቃስ እያለቀሰች ሲንቄ ዘንድ ገባች። «እትዬ ሲንቄ፣ ምን ይሻላል? ቤቱ ላዩ ላይ ሊወርድበት ነው። ድንጋዩ ብቻውን አይይዘውም አሉ። አፈሩ ከላይ መልበስ አለበት።»

ሲንቄ ይህን ዶርቃስ ሳትነግራት አስባዋለች። አጥሩ ጋ ሄደች። «ኦቦ ሞሲሳ፣ ማገጥ ከኔ በኩል ከነአፈሩ ቆርጬ ልስጥዎት። ይትከሉት። ዝናብ ነው፤ ቶሎ ይይዛል።»

ኦቦ ሞሲሳ በቀዳዳው ብዙ አዩዋት። ጢማቸው ጭቃ ነክቶታል። ሁለት ቀን ያልተኙ ይመስላሉ።

«ለምን?» አሉ።

«ቤትዎ እንዳይወድቅ።»

«እሱን አይደለም። ለምን ትሰጪኛለሽ?»

«ጎረቤት ነን።»

«እኔ አንቺን ብሆን አልሰጥም ነበር» አሉ፤ ይህን ሲሉ ከልባቸው ነው። «እንዲያው አይደለም። አልወስድም።»

ሲንቄ ተመልሳ ምድጃዋ ዳር ቁጭ አለች። ተናደደች ማለት ይከብዳል፤ መናደድ ጉልበት ይፈልጋል። የስንጥቁን ነገር እያሰበች በጉን በመስኮት አየችው። በጉ ኦቦ ሞሲሳ ደጃፍ ታስሯል። ፊቱ ዶርቃስ ያጨደችለት ሣር ተከምሯል። ሣሩን አልነካውም። አንገቱን ዘርግቶ፣ ገመዱ እስኪያንቀው ድረስ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ማገጥ ያያል።

ሲንቄ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሣች።

በዚያ ቀን የሰፈሩ ሰው ሲንቄን ስትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች።

«ኦቦ ሞሲሳ! ሰምተዋል? ቅድም እሰጣለሁ ያልኩትን አንሥቻለሁ! ከማገጤ አንዲት ሥር እንዳይነኩ!»

ኦቦ ሞሲሳ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ማን ነካብሽ?»

«አውቀዎታለሁ! ይህ ማገጥ የቤቴ ምሰሶ ነው። እሑድ ማርያም ስሄድ ሰው ገብቶ እንዳይቆርጥብኝ ብዬ ከወዲሁ መናገሬ ነው!»

«እሑድ ትሄጃለሽ?»

«በጠዋት ወጥቼ ከቅዳሴ በኋላም ዘመድ እጠይቃለሁ። ቶሎ አልመለስም። ቢሆንም እንዳይነኩ!»

እማማ ወለተማርያም ከማዶ «ምነው ሲንቄ፣ ሰው ሣር ይነፈጋል?» ብለው ተቆጧት። ሲንቄ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋ እንዳይታይ። ኦቦ ሞሲሳ ግን አጥሩን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ፊታቸው ላይ የብዙ ቀን ጭንቀት ለቀቅ ሲል ታየ። የነፈገችውማ ነገር ዋጋ አለው ማለት ነው! አሁን ነገሩ ገባቸው።

ቅዳሜ ሲንቄ ዶማዋን ከግድግዳው አነሣች። ወገቧ እምቢ ካላት ዓመት ወዲህ አልነካችውም ነበር። ማገጡን ከዚህም ከዚያም፣ የራሷ አፈር እንዳይራቆት እየዘለለች፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከነአፈሩ እየቆረጠች በአጥሩ ሥር ደረደረችው። በእርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነችው። ለሚያይ ሰው የደበቀችው ይመስላል። ወገቧ እስከ ማታ ሲወጋት ዋለ።

እሑድ ኦቦ ሞሲሳ ከቸርች ቀሩ። ለዶርቃስ ጉንፋን ያዘኝ አሏት። እሷም አውቃ ብቻዋን ሄደች።

ሲንቄ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ማዳበሪያው በደንብ ታጥፎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለው አፈር ተጠርጓል፤ አንድ ዱካ አይታይም። ከሲባጎው ወዲያ የኦቦ ሞሲሳ ቁልቁለት በአረንጓዴ ቁርጥራጭ ተጣጥፏል፤ እንደ ተጣፈ ሱሪ። እያንዳንዱ ቁራጭ በእንጨት ተቸክሏል። ሠራተኛው ኦቦ ሞሲሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጥፍራቸው ጥቁር፣ እንቅልፍ ከድቷቸው ከሰነበቱ በኋላ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ተጨፍኖ።

ሲንቄ ልትገባ ስትል ቆመች። መስረቃቸው ካልታወቀላቸው የሰረቁት ነገር የሳቸው አይሆንም። አጥሩን አንኳኳች።

«ኦቦ ሞሲሳ! ይሄ ምንድነው?»

ብንን አሉ። «የቱ?»

«ይሄ ማገጥ!»

አዩት፤ ልክ ያኔ እንዳዩት እንግዳ ሆኖባቸው። «እኔ ምን ላድርግ፣ አዴ ሲንቄ? የዱር ነገር ነው። በራሱ በቀለ።»

«በራሱ!» አለች ሲንቄ። ጣቷን አነሣች። «እንዲያው አይደለም።»

ኦቦ ሞሲሳ ጥቁር ጥፍራቸውን ብብታቸው ሥር ሸሸጉ።

ነሐሴ አለፈ። ስንጥቁ አልሰፋም። የያዘው ድንጋዩ ይሁን ማገጡ ማንም በእርግጥ አያውቅም፤ ኦቦ ሞሲሳ ሁለቱንም በየተራ ይጠረጥራሉ። መስከረም ሲጠባ ግን ሁለቱ ቁልቁለቶች ባንድ አበቡ። ንቡ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ሲባጎው የትኛው አበባ ሥር እንደገባ መለየት አስቸገረ።

ዶርቃስ ጥቂት ቆይታ አባቷን በብዙ ልመና ለሕክምና ጉደር ወሰደቻቸው። አንድ ዓይናቸው ሞራ ነበረበት። ለማንም አልተናገሩም፤ ግን በአንድ ዓይን የሚያልሙት ሌላው ስለማያይላቸው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሰፈሩን ሲጠብቁ የነበሩት በግማሽ ብርሃን ነው። ሲሄዱ ሲንቄን በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተው «በጉን የምተውልሽ ስለማምንሽ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው» አሏት። «እሱን አውቃለሁ» አለች።

ሲንቄ በጠዋት ወጣች፤ ማንም «በጊዜ ወጣሽ» አላላትም። ዘግይታ ተመለሰች፤ ማንም «ቆየሽ» አላላትም። አንድ ቀን ራሷን አሟት ጉሊት ሳትሄድ ዋለች፤ የሚጠይቅ አልነበረም። በሩን ከፍታ አጥሩን አየችው። ቀዳዳው ባዶ ነበር፤ በቀዳዳው የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ መውጣትና መግባቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ ያን ቀን ገባት። እሱም ሌባ ናት ብሎ ነው። ቢሆንም ያውቃል።

ኦቦ ሞሲሳ ሞራው ተገፎላቸው ሊመለሱ ነው ሲባል በጉን ልትፈታ ቁልቁለቱ ጋ ዞረች። ሲባጎው በዝናብ በስብሶ ተበጥሶ ነበር። ማገጡ ውጦታል። ሲንቄ ቆማ አየችውና ገበያ ሄዳ አዲስ ሲባጎ ይዛ ተመለሰች። ችካሎቹን በማገጡ ውስጥ በእጇ እየዳበሰች አገኘቻቸው። የመጨረሻውን ችካል ነቅላ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ኦቦ ሞሲሳ በኩል ገፋ አድርጋ ተከለችውና ሲባጎውን ወጠረች። በአዲስ ዓይን የሚመጣ ሰው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

በማግስቱ ጠዋት ምድጃዋ ዳር ሆና ስትጠብቅ ነው ድምፁ የመጣው።

«አዴ ሲንቄ!»

«አቤት፣ ኦቦ ሞሲሳ! እንኳን ደህና መጡ።»

«ደህናውን ተይው። ይህ ሲባጎ ተነቃንቋል!»

«በራሱ ይሆናል።»

«በራሱ!» ድምፃቸው ከጉደር ይልቅ ከወጣትነታቸው የተመለሰ ይመስል ነበር። «አንድ ጣት! ቁልጭ አድርጌ አይቼዋለሁ። እንዲያው አይደለም!»

ሲንቄ ከማንቆርቆሪያው ሻይ ቀድታ ወጣች። ብርጭቆውን በአጥሩ ላይ ዘረጋችላቸው። ኦቦ ሞሲሳ ሻዩን አዩት፤ እሷን አዩ፤ እንደገና ሻዩን አዩት።

ሲንቄ እስኪጠይቋት አልጠበቀችም። ብርጭቆውን ወደ ራሷ መለሰችና አንዴ ፉት አለችላቸው፤ ከዚያ አቀበለቻቸው።